ወንድሜን በልጁ ፊት ላይ ስፈልገው

ወንድሜ ያረፈው ጥር 2008 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የታመመው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ማታ ደወለልኝ። ደክሞኝ ነበርና «ነገ እኔው እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁት። በማግስቱ ሥራ በዛብኝ፤ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሚስቱ ናት። ድምጿን ስሰማ ገባኝ።

ስለ ሞት የማስተምር ሰው አይደለሁም። እሱን ለአባቶች እተዋለሁ። የምጽፈው ከሞቱ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው። ከፍቅር የመጣ ስለነበር ጥፋት መሆኑን ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። በእኔ የደረሰ በሌላ ቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ያንሰኛል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ፣ እናታችን ገበያ ስትውል እሱን አዝዬ የማሳድገው እኔ ነበርኩ። አድጎ ጀልባ ነጂ ሆነ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሳለሙ ምእመናንንና ቱሪስቶችን ያመላልስ ነበር። በልጅነቱ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ወድቆ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀርቶበታል። ይህን ጠባሳ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «እታለም» ነበር የሚለኝ። ሲሞት ሚስቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

የመጀመሪያው ስህተቴ አለማልቀሴ ነው። የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ግቢውን ሞላው። እኔ ግን ንፍሮው በቃ ወይ፣ ወንበር ጎደለ ወይ፣ ከገጠር የመጡት ዘመዶች የት ይደሩ ስል ሠልስቱ አለፈ። አልቃሿ ስሙን እየጠራች ሙሾ ስታወርድ ሴቶቹ ሁሉ ሲነፋረቁ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ብርጭቆ እቆጥር ነበር። «አንቺማ ጠንካራ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። ለአርባው ተበድሬ ሰፊ ድግስ ደገስኩ። ሰው በልቶ፣ መርቆ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ቤቱ ጭር አለ። ያን ጊዜ ነው ሐዘኑ የመጣው፤ ያኔ ግን አብሮኝ የሚያለቅስ ሰው አልነበረም።

ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ሥራ የምታበዛዋን ሴት ፈልጓት። እጇን ይዛችሁ አስቀምጧት። ብርጭቆውን ሌላ ሰው ይቆጥረዋል። ለሐዘንተኛ መደወል የምትፈልጉ ደግሞ ከአርባው በኋላ ደውሉ። መጀመሪያ ሰሞንማ ሁሉም አለ። ለተስካርም አትበደሩ። እኔ ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩት በሁለት ዓመቴ ነው፤ በየወሩ ስከፍል የማስበው ወንድሜን ሳይሆን ብሩን ነበር።

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስለ ሞት የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ማየት ጀመርኩ። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሪኢንካርኔሽን ጋ አደረሰኝ። ነፍስ ከአንዱ ሥጋ ወጥታ በሌላ ሥጋ ትወለዳለች የሚለው እምነት ማለቴ ነው። በሕንድና በቲቤት ስንት ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት ጥንታዊ እምነት ነው። የቲቤት ቡድሂስቶች መንፈሳዊ መሪ የሆኑት ያሁኑ ዳላይ ላማ ገና በሁለት ዓመታቸው የቀድሞው ዳላይ ላማ ዕቃዎች ከሌላ ዕቃ ጋር ተደባልቀው ቀርበውላቸው፣ የሟቹን እየለዩ «የኔ ነው» አሉ ይባላል። ኢያን ስቲቨንሰን የሚባል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ «ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ነበርኩ» የሚሉ ልጆችን ታሪክ ሲሰበስብ ኖረ። ከ2,000 በላይ ሰብስቧል። ከልጆቹ አንዳንዶቹ ሟቹ በቆሰለበት ቦታ ላይ ምልክት ይዘው የተወለዱ ናቸው ተብሏል። ይህን ያየሁ ሌሊት እስኪነጋ አልተኛሁም።

ግንቦት ላይ ልጁ ተወለደ። ወንድ ነው። እናቴ ታቅፋው መብራት ስር ስታመጣው፣ ከግራ ቅንድቡ በላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ አየሁ።

«ማርያም የሳመችው!» አለች እናቴ። እሷም ሳመችው።

እኔ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ወንድሜ መጣ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ምልክት ሆነብኝ። ልጁ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ እንኳ ለወንድሜ አርባ ቀን ስንቆጥር ከርመን፣ አሁን ደግሞ ለልጁ አርባ ቆጠርን እያልኩ ልቤ ይመታ ነበር። አርባ ቀን ለወንድ፣ ሰማንያ ለሴት የሆነው አዳምና ሔዋን ገነት ከገቡበት ቀን ጋር እንደሚያያዝ በኩፋሌ ተጽፏል። እኔ ግን መጽሐፉ ያለውን ትቼ የልቤን አነበብኩ።

በስሙ ጉዳይ ተጣላን። እኔ የወንድሜ ስም ይሰጠው አልኩ። እንግዲህ በእኛ አገር ከልጅ ስም ቀጥሎ የአባት ስም ነው። ልጁ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ሊጠራ ነው። የወንድሜ ሚስት እምቢ አለች። ተቀየምኳት። ነገሩ ሲከር እናቴ ጣልቃ ገባች። «ሰው ሞቶ ልጅ ሲወለድ ካሳ ይባላል፣ ምትኩ ይባላል፣ ማስረሻ ይባላል። ከነዚህ አንዱን በሉት። ላሟ ሞታ ጥጃ በካሳ ቢሰጡሽ ጥጃዋ ላሟ ናት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ግን አልሰማኋትም፤ እኔ በወንድሜ ስም እጠራው ነበር። ዛሬ ሳስበው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ዓመት የምፈልገውን ነግራኝ ነበር።

ልጁ መዳህ ሲጀምር የወንድሜን ዕቃዎች ፊቱ ደረደርኩ። የጀልባው ቁልፍ፣ ሰዓቱ፣ መቁጠሪያው፣ ከዚያ የሰው ዕቃ ሁለት ሦስት። ቁልፉ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እንዳይሰጥም ከቢጫ የፕላስቲክ ኳስ ጋር የታሰረ ነው። ልጁ እየዳኸ ሄዶ ቁልፉን ያዘ። አለቀስኩ። ከወንድሜ ሞት በኋላ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው፤ ያውም በደስታ። ማንኛውም ሕፃን ቢጫ ኳስ እንደሚይዝ ለማሰብ አልፈለግሁም።

አፍ ሲፈታ «አክስቴ» ሳይሆን «እታለም» በለኝ አልኩት። ለመደ። 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቱ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ይውል ጀመር። ያኔ ባሰብኝ። «አንተ ድሮ ትልቅ ሰው ሳለህ ጀልባ ትነዳ ነበር» እለዋለሁ። «ከመሞትህ በፊት ይህን ሰዓት አንተ ነበርክ የምታስረው» እለዋለሁ። በትልልቅ ዓይኖቹ አፍጥጦ ያዳምጠኛል። ያስታውሳል ብዬ አስባለሁ። ልጁ ግን እየፈራ ነበር።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። ያን ሁሉ ያደረግሁት ስለዚያች ስልክ ነው። ወንድሜ ተመልሶ ከመጣ «ነገ» ያልኩት ነገ አልቀረም ማለት ነው። ስልኩን አነሳለታለሁ። ይህን ለራሴ እንኳ አውጥቼ አልነገርኩትም። ሐዘን የበዛባችሁ ሰዎች፣ አንድን ነገር የሙጥኝ ካላችሁ፣ እሱን ትታችሁ ከስሩ ያለውን ጸጸት ፈልጉት። ለአንድ ሰው ንገሩት። የኔን ቶሎ ተናግሬው ቢሆን ልጁ ባልተጎዳ።

ነሐሴ 2012፣ የፍልሰታ ጾም ውስጥ ነን። ዝናቡ ያወርደዋል። የወንድሜ ሚስት መጣች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። ጃንጥላዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ሦስት ሌሊት አልተኛም» አለችኝ። «ትናንት ማታ 'እማ፣ ደግሜ የምሞተው መቼ ነው?' አለኝ።»

ዝም አልኩ።

«ባሌን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። በየቀኑ አታስቀብሪኝ» አለችና ሄደች። ልጁን ወደ እኔ ማምጣት ተወች። ልክ ነበረች።

በቡሄ ዋዜማ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ልከራከር ነው የሄድኩት። «አባ፣ ጌታ ራሱ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ 'ይመጣ ዘንድ ያለው ኤልያስ ይህ ነው' ብሎ የለም?» አልኳቸው። ይህን ከቪዲዮዎቹ ነበር የለቀምኩት።

ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ኤልያስ መች ሞተና ነው በሌላ ሰው የሚወለደው? በእሳት ሰረገላ ወጣ እንጂ። ዮሐንስንም 'ኤልያስ ነህን?' ብለው ሲጠይቁት 'አይደለሁም' ብሏል። በኤልያስ መንፈስና ኃይል ነው የመጣው። ደግሞ ነገ ቡሄ ነው። በታቦር ተራራ ከሙሴ ጋር የተገለጠው ማን ነው? ኤልያስ ነው። ያን ጊዜ ዮሐንስ አንገቱ ተቆርጦ ነበር። ሁለቱም ለየራሳቸው ናቸው።»

ቀጠሉና «ለመሆኑ ለወንድምሽ ምን ያህል ጸለይሽለት?» አሉኝ። ለአርባው ከደገስኩ በኋላ አልጸለይኩለትም። ለምን እጸልያለሁ? መጥቷል እኮ። የሙት ዓመቱን ቀን እንኳ እንደ ተራ ቀን ነው ያሳለፍኩት።

«እሺ፣ ዛሬ አብረን እናስበው። የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉኝ።

አልመጣልኝም። አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ፣ ክርስትና ሲነሳ አብሬ የነበርኩ፣ የክርስትና ስሙ ጠፋኝ። ለፍትሐቱም ስሙን የነገረቻቸው እናቴ ነበረች፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሙት ሲታሰብ በዚያ ስም ነው የሚታሰበው። ልጁን በሟች ስም ስጠራ ከርሜ ሟቹን ስም አልባ አደረግሁት። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አለቀስኩ። ያላለቀስኩትን የአራት ዓመት ተኩል ሁሉ። አባ ዝም ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። በቃሽ አላሉኝም። ስሙን ከእናቴ ጠይቄ በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋቸው።

ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። አባ ራሳቸው ናቸው የላኩኝ። ለወራት እንቅልፍ ካጣችሁ አትፈሩ፣ ሂዱ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

ሌላው የረዳኝ ሰው ያልጠበቅሁት ነው። በሰፈራችን ተከራይተው የሚኖሩ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሕንዳዊ መምህር ነበሩ። ሂንዱ ናቸው። እናታቸው እዚያ አገራቸው ሞተውባቸው ቡና ይዤ ላጽናናቸው ሄድኩ። በልቤ ግን እኔም የምሰማው ማጽናኛ ይኖራል ብዬ ነበር። «እናትዎ ተመልሰው ይወለዳሉ አይደል?» አልኳቸው። ሰውዬው ጥቂት ዝም አሉ። «እኛ የምንጸልየው እንዳትመለስ ነው» አሉኝ። መወለድ፣ መታመም፣ መሞት፣ እንደገና መወለድ ለእነሱ የሚያደክም መንገድ ነው። ሞክሻ ይሉታል፤ ከዚያ ምልልስ ነጻ መውጣት። ትልቁ ምኞታቸው እሱ ነው። ለካ እኔ የያዝኩት የእነሱንም እምነት አልነበረም። ከእነሱ ቃሉን ወስጄ የራሴን ናፍቆት ሞላሁበት። የእነሱን እምነት ልነቅፍ አይደለም የምጽፈው። እሳቸው እናታቸውን ሲለቁ እኔ ወንድሜን አልለቅም ማለቴ ነው ያሳፈረኝ።

የስቲቨንሰንንም ሥራ በረጋ መንፈስ መልሼ አየሁት። ልጆቹ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜያቸው በራሳቸው አፍ የሚናገሩ ናቸው። እሱም ቢሆን ተረጋግጧል አላለም። እኔ ቤት ግን ልጁ ምንም አላለም። ያወራሁት ሁሉ እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ እናቴን ይዤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት ወዲያው ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ልጁን ግን ጠርታ አጠገቤ አስቀመጠችው። የወንድሜን ፎቶ አወጣሁ። ምን እንደምለው ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት። በቀላሉ ነገርኩት።

«ይህ አባትህ ነው። እኔ እህቱ ነኝ። ሞቷል። አንተ እሱ አይደለህም፤ አንተ ልጁ ነህ። የነገርኩህ ሁሉ የእሱ ታሪክ ነው። ተሳስቼ ነው ያንተ ያልኩት።»

ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ጫማው ስንት ቁጥር ነው?» አለኝ።

«42።»

«የኔ 27 ነው» አለ። እግሩን ዘርግቶ አሳየኝ። ከዚያ ተነስቶ ሊጫወት ወጣ። በዚያ ሌሊት እንደ ተኛ እናቱ ደውላ ነገረችኝ።

አባቱ የሞተበት ልጅ ያላችሁ፣ «ሩቅ አገር ሄዷል» አትበሉ፤ ይጠብቃል። «ተኝቷል» አትበሉ፤ መተኛት ይፈራል። «አንተ እሱ ነህ» ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። «አባቱን ይመስላል» ማለት ይበቃል። ሳቁ የአባቱ ነው፣ እጁ የአባቱ ነው ማለት ደስ ይላል። ልጅ ይህን ሲሰማ የሆነ ቦታ ያለው ሰው መሆኑን ያውቃል። የማይከብደው እስከዚያ ድረስ ነው። ታሪኩን ስትነግሩትም ጥሩውን ብቻ አትምረጡ። ወንድሜ ቁጡ ነበር፣ እግር ኳስ ሲሸነፍ እራት አይበላም ነበር። ልጁ በጣም የሚወደው ይህን ነው።

የካቲት 16 ቀን 2013 ዓ.ም. ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ካሉት ሥዕሎች አንዱ በላኤ ሰብእ ነው። 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ እንደዳነ የሚናገረው ታሪክ ነው። ሥዕሉን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ወንድሜ ታወሰኝ። ገንዘብ የሌላቸውን መነኮሳትና ነዳያን በነጻ ያሻግር ነበር። ስንት ሰው እንዳሻገረ አላውቅም። ያ ሁሉ አብሮት ሄዷል። ከእኔ የሚፈለገው ስሙን ማስጠራት ብቻ ነው። እዚያ ግድግዳ ስር ሆኜ የክርስትና ስሙን ደጋግሜ ጠራሁ። መጀመሪያ ጊዜ፣ ከልቤ፣ ሄዷል አልኩ።

ቀላል ሆነልኝ ማለት አይደለም። ጥምቀት ሲደርስ አሁንም ደረቴን ይይዘኛል። ያኔ ለአንድ ሰው እደውላለሁ። ስልክ ሲደወልልኝም፣ ምንም ቢደክመኝ አነሳለሁ።

ሰባተኛ ዓመቱን ጥር 2015 በትንሽ ጸበል ጸዲቅ አሰብነው። ብድር የለ፣ ድንኳን የለ። በወሩ ለየካቲት 16 ልጁንና እናቱን ይዤ ወደ ዘጌ በጀልባ ሄድን። ልጁ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ነው። እምቢ ይላል፣ ውሃ ይፈራል ብዬ ነበር። ከሁሉ ፊት ሄዶ ከጀልባ ነጂው አጠገብ ተቀመጠ። ከግራ ቅንድቡ በላይ ያለችው ነጥብ በፀሐዩ ትታያለች። ማርያም የሳመችው ናት።

«ጋሼ፣ አባቴን ታውቀው ነበር?» ሲለው ሰማሁ። የአባቱን ስም ነገረው።

ጀልባ ነጂው ዞር ብሎ አየው። «እንዴ! ሞተር ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው» አለ። «አንድ ቀን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ስንሄድ ጉማሬ ብቅ አለችብን። እኛ ፈርተን ጮኽን። አባትህ ሞተሩን አጠፋና ኮፍያውን አውልቆ 'እሜቴ፣ ይለፉ' አላት።»

ይህን ታሪክ እኔም ሰምቼው አላውቅም። ልጁ እየሳቀ ወደ እኔ ዞረ። «አክስቴ፣ ሰማሽ?» አለኝ። ከዚያ ተመልሶ ሰውዬውን እጅጌውን ጎተተው።

«ከዚያስ?» አለው።